ቀን ቢሮ፣ ማታ መድረክ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ከእናንተ አንዱ ካፌ ቀጠረኝ። ባንክ ነው የሚሠራው። 26 ዓመቱ ነው። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቲያትር ያጠናል። ያዘዝነው ማኪያቶ ሳይመጣ ከኮቱ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሥራ መልቀቂያ ማመልከቻ ነው። ያልተሞላው ቀኑ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ላስገባው አይደል?» አለኝ።

እንዲህ ሲጠየቅ የእኔ ቢጤ ሽማግሌ ከሁለት አንዱን ይመልሳል። ወይ «ልብህ ያለህን አድርግ» ይላል፣ ወይ «የእንጀራ ገመድህን አትበጥስ» ይላል። ሁለቱም ተናጋሪውን ምንም አያስከፍሉትም። እኔ ሁለቱንም ትቼ የአንድ ሰው ታሪክ አወራሁት። ለእናንተም ያንኑ ልጻፍላችሁ። ሰውየው አየርላንዳዊ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ዊልያም ጆሴፍ ሺልድስ ይባላል። በ1888 ደብሊን ተወለደ። አየርላንድ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ነበረች። በ1911 የመንግሥት ሥራ አገኘና የንግድ ቦርድ የሚባለው መሥሪያ ቤት ገባ። ኋላም የሥራ አጦች ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ተዛወረ። ወንበር አለ፣ መዝገብ አለ፣ የወር ደመወዝ አለ፣ ሲያረጁ ጡረታ አለ። እናቶች «ልጄ ተቀጠረልኝ» ብለው ለጎረቤት የሚያወሩለት ዓይነት ሥራ ነው።

ታናሽ ወንድሙ አርተር ግን ቀድሞት ቲያትር ቤት ገብቶ ነበር። አቢ ቲያትር። ገጣሚው ዬትስና ሌዲ ግሪጎሪ በ1904 የከፈቱት ቤት ነው። ሕንፃው ሲሠራ አጠገቡ የነበረውን የድሮ የከተማውን ሬሳ ማቆያ ጨምረው ነው የሠሩት። (እዚያ የተጫወቱ ተዋንያን በዚህ ነገር ስንት ቀልድ እንደቀለዱ መገመት አያቅትም።) ትልቁ ወንድም የታናሹን እግር ተከትሎ ገባ። ቀን ቢሮ፣ ማታ መድረክ ሆነ። መጀመሪያ ከአጃቢዎቹ ጋር መቆም፣ ቀጥሎ አንዲት አጭር ንግግር።

አለቆቹ የመንግሥት ሠራተኛ ማታ ማታ መድረክ ላይ ሲንጎራደድ ማየት አይወዱም። ስለዚህ ሌላ ስም አወጣ። ባሪ ፊትዝጄራልድ። ዓለም የሚያውቀው በዚህ ስም ነው። እዚያው ቤት ኤፍ ጄ ማኮርሚክ እየተባለ የሚጫወተው ባልደረባውም ከመንግሥት ቢሮ የመጣ ነው። የእሱም ስም የመድረክ ስም ነው።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ 31 ዓመት መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። ከሥራ በኋላ ከአማተር ቡድን ጋር እጫወት ነበር። አንድ ጊዜ ሌባ ሆኜ ተጫወትኩ። በማግስቱ አለቃዬ አስጠራኝና «የመንግሥት ማኅተም ይዘህ ሕዝብ ፊት ትሰርቃለህ?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም። ማኅተሙን ሁለት ወር ወሰደብኝ። ሁለተኛ ስም የማውጣት ብልጠቱ ቢኖረኝ ኖሮ!

ሥራ ስለ መልቀቅም ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራችሁ። 24 ዓመቴ ላይ ለቅቄ አይቼዋለሁ። ቡድናችን «ክፍለ ሀገር እንዞራለን» ብሎ ተነሣ። አራት ወር ሳይሞላን ተበታተንን። መበታተናችን ያን ያህል አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ በእነዚያ አራት ወራት የተጫወትኩት ትወና ነው። ቀሽም ነበርኩ። ሆዴ ባዶ ስለነበር ጭብጨባ ብቻ ነበር የምፈልገው። እጮሃለሁ፣ ዓይኔን አፈጣለሁ፣ አጠገቤ የቆመውን ተዋናይ አላየውም። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው መድረክ ላይ ዝም ማለት ይፈራል። ሥራው ደግሞ ግማሹ ዝም ማለት ነው። በመጨረሻ በስንት ምልጃ ወደ መዝገብ ቤቴ ተመለስኩ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። ከመጀመሪያዎቹ ሚናዎቹ አንዷ አራት ቃል ብቻ ነበረች። መድረክ ላይ ሲደርስ የቃላቱ መነሻ ፊደላት ቦታ ተለዋወጡበት። በእኛ አፍ «ልክ ነው» ሊል ፈልጎ «ንክ ለው» እንደማለት ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ኮሜዲ አዞረ ይባላል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያን ምሽት የሚበላው በእነዚያ አራት ቃላት ቢሆን ኖሮስ? እሱ በማግስቱ የሚገባበት ቢሮ ነበረው። ውርደቱን ዋጥ አድርጎ፣ ደመወዙን ተቀብሎ፣ ማታ ተመልሶ መምጣት ይችላል። ተመልሶም መጣ። ዓመታት ሙሉ።

አሁን የምወደው ቦታ ላይ ደረስን። በ1924 መጋቢት ላይ አቢ አንድ አዲስ ተውኔት አወጣ። «ጁኖ እና ጣዎሱ» እንበለው። ደራሲው ሾን ኦኬሲ ነው። ይህ ሰው ራሱ 40ን ያለፈ የቀን ሠራተኛ ነበር። ከዓመት በፊት የመጀመሪያ ተውኔቱ መድረክ ላይ ወጥቶለት እንኳ ሲሚንቶ ማቡካቱን አልተወም። ተውኔቱ ውስጥ ካፒቴን ቦይል የሚባል አባወራ አለ። ካፒቴንነቱ የአፍ ነው፤ ባሕሩን እምብዛም አያውቀውም። ቀኑን ከመጠጥ ጓደኛው ጋር ሲያወራ ይውላል። ቤቱን ተሸክማ የምታቆመው ሚስቱ ጁኖ ናት። ታዲያ አንድ ሰው መጥቶ «ሥራ ተገኝቶልሃል» ያለው እንደሆነ ካፒቴኑን ወዲያው እግሩን ያመዋል። ሥራው የራቀ ሲመስለው ይሻለዋል። ይህን ሰው የተጫወተው ባሪ ነው። የመጠጥ ጓደኛው ደግሞ ያ ማኮርሚክ።

እስቲ አስቡት። ቀኑን የሥራ አጦች ጉዳይ በሚታይበት ቢሮ የሚሠራ ሰው፣ ማታ ሥራ ሲጠራ እግሩን የሚያመው ሰው ይሆናል! ባሪ ካፒቴኑን ባለጉዳይ ከሚስተናገድበት ከቢሮው መስኮት ነው ያመጣው ብዬ ማስረጃ ላቀርብላችሁ አልችልም። ግን 31 ዓመት መስኮት ጀርባ የተቀመጥኩ ሰው ነኝና ግምቴን ፍቀዱልኝ። ከመስኮት ጀርባ የማይታይ ነገር የለም። ሰው ሲዋሽ አፉ ቀጥ ብሎ ይናገርና እጁ ያሳጣዋል፤ ፎርሙን ያገላብጣል፣ ጫፉን ያጥፋል። አንድ ባለጉዳይ ነበሩ፣ በሕመም ፈቃድ ጉዳይ የመጡ። በግራ እግራቸው እያነከሱ ገቡ። ወረቀቱ ተፈርሞላቸው ሲወጡ በቀኝ እግራቸው እያነከሱ ሄዱ። ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ አየ፤ ማንም አልተነፈሰም። እኔ ያንን አካሄድ ከስድስት ዓመት በኋላ መድረክ ላይ አወጣሁት። በሕይወቴ ትልቁን ሳቅ ያገኘሁበት እሱ ነው።

እና የቀን ሥራችሁን እንደ ወህኒ አትዩት። ባንክ ያላችሁ ብር ሲቆጥር ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ ነጋዴ ታያላችሁ። ሱቅ ያላችሁ ሳይገዙ ዋጋ የሚጠይቁትን ታያላችሁ። እነሱን ማንም ከፍሎ አያስተምራችሁም። እናንተ ናችሁ እያያችሁ የሚከፈላችሁ።

በ1926 ኦኬሲ ሌላ ተውኔት ይዞ መጣ። አየርላንዳውያን በ1916 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ስላነሡት የፋሲካ አመፅ ነው። የአማፂዎቹ ባንዲራ መጠጥ ቤት ውስጥ ታየ፣ ሴተኛ አዳሪ መድረክ ላይ ወጣች፣ «ሰማዕቶቻችን ተዋረዱ» ተባለ። በአራተኛው ምሽት ተመልካቹ ተነሥቶ መድረክ ላይ ወጣ። ባሪ ከወጡት አንዱን በቡጢ መትቶ ጣለው። የመዝገብ ሰው ብላችሁ አትናቁት! ዬትስም ወጥቶ ሕዝቡን ገሠጸ። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ወንድሙ አርተር ነው። አርተር በዚያ አመፅ ጠመንጃ ይዞ ተዋግቷል፤ ዌልስ ውስጥ ፍሮንጎክ በሚባል ካምፕ ታስሯል። በዚያ ተውኔትም ይጫወት ነበር። ለአገሩ ተዋግቶ የታሰረ ሰው አገሩን አዋረድክ ተባለ ማለት ነው። ኮመንት ላይ ሰደቡን ብላችሁ እንቅልፍ የምታጡ፣ አርተርን አስቡት።

ታዲያ ባሪ መቼ ለቀቀ? ኦኬሲ ቀጣዩን ተውኔት ሲጽፍ አንዱን ሚና እሱን አስቦ ጻፈው። አቢ ግን በ1928 ተውኔቱን አልቀበልም አለ። በ1929 ሥራው ለንደን ላይ ሊወጣ ሆነ። ባሪ ቢሮውን ተሰናብቶ ሄደ። 41 ዓመቱ ነበር። የመንግሥት ሥራ ከያዘ 18 ዓመት ሆኖታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። እኔ 24 ዓመቴ ላይ ስወጣ የጠራኝ ወሬ ነው። «እንዞራለን» የሚል ወሬ። እሱን የጠራው እሱ ታስቦ የተጻፈ ሚናና የተዘጋጀ መድረክ ነው። ሁለታችንም ሥራ ለቀቅን ይባላል፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው።

የቀረውን በሩጫ ልንገራችሁ። ከአቢ ጋር አሜሪካን ዞረ። በ1936 ዳይሬክተሩ ጆን ፎርድ ያንኑ ረብሻ ያስነሣውን ተውኔት ፊልም ሊያደርግ ሆሊውድ ጠራው። እዚያው ቀረና ፊልም በፊልም ላይ ሠራ። በ1944 «ጎይንግ ማይ ዌይ» በተባለው ፊልም ከዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ ጋር አንድ አሮጌ የካቶሊክ ቄስ ሆኖ ተጫወተ። እሱ ራሱ ፕሮቴስታንት ነው። ለዚያች አንድ ሚና በዋና ተዋናይም በረዳት ተዋናይም ኦስካር ታጨ። ከእሱ በፊት እንዲህ የሆነለት የለም፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ደንቡን ለወጠ። ዋናውን ክሮዝቢ ወሰደ፣ ረዳቱን እሱ።

ሽልማቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጊዜው የጦርነት ነው፤ ብረት ስለጠፋ ሐውልቱ የተሠራው ከጄሶ ነበር። ባሪ ጎልፍ ይወዳል። ቤት ውስጥ ዱላውን ሲወዘውዝ የኦስካሩን አንገት ቀነጠሰው።

ያው 1944 ሌላም ነገር አምጥቶበታል። መኪና እየነዳ አንዲት አሮጊት ገጨ፤ ሴትዮዋ ሞቱ። ተከሰሰ። በ1945 መግቢያ ፍርድ ቤቱ በነፃ አሰናበተው፤ ኦስካሩን የተቀበለው ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ ነው። በዚያ ምሽት ሲጨበጨብለት ምን አስቦ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

በ1952 በወጣው «ዘ ኳየት ማን» ላይ ከወንድሙ ከአርተር ጋር ተጫወተ። ፊልሙ የተቀረጸው እዚያው አየርላንድ፣ ሜዮ ውስጥ ነው። በመጨረሻም ደብሊን ተመልሶ በ1961 እዚያው ሞተ።

ይህን ሁሉ ስነግራችሁ የእሱ ሂሳብ ለእናንተ ልክክ ይላል ማለቴ አይደለም። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የቢሮ ሥራው ቀላልና ዕረፍት የበዛበት እንደነበር ራሱ ተናግሯል። የእናንተ ባንክ ሂሳብ ሳይዘጋ አያስወጣም። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ። ልምምድ ቦታ ስትደርሱ ጉልበታችሁ አልቋል። ሥራችሁ ማታችሁንም የሚበላ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ያኔ ማታችሁን የማይበላ ሥራ ፈልጉ እላለሁ። ደመወዙ ቢቀንስም። እኔ ሁለት ጊዜ ዕድገት የመጣልኝን ለዚህ ብዬ ትቻለሁ። ባለቤቴ አንደኛውን እስካሁን አልማረችኝም።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ማኪያቶውን እስከ ግማሽ ጠጣ። ከዚያ «ሲለቅ ስንት ዓመቱ ነበር ያሉኝ?» አለ።

«41።»

ጣቱን እየቆጠረ «15 ዓመት!» አለና ራሱን ያዘ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ድንገት ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ እኔ መስኮት ላይ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። በየወሩ ነው የሚመጡት።»

«እሺ?»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ትከሻውን ሰበረ። አገጩ ወደ ደረቱ ገባ። ከብብቱ ሥር የሌለ መሐረብ አወጣ፤ ቋጠሮውን በጥርሱ ጀምሮ በጣቱ ፈታው። ከውስጡ የባንክ ደብተሩን አወጣና ከመስጠቱ በፊት ግራና ቀኝ አየ፤ ሌባ እንዳይኖር። ደብተሩን ሰጥቶም ጫፉን አልለቀቀም።

አስተናጋጇ ሂሳብ ይዛ መጥታ አጠገቡ ቆማለች። አላያትም። ማመልከቻው ላይ የማኪያቶው ብርጭቆ ተቀምጧል።