እንቁላሏን ለምትበላ ዶሮ፣ ከሚጥሚጣው በፊት መኖውን ይመርምሩ

ጎንደር ማራኪ ሰፈር በግቢያቸው ስድስት ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የእንቁላል ጣይ ዝርያ ዶሮዎች የሚያረቡ እህታችን፣ ጠዋት ጠዋት ጭዱ በአስኳል ርሶ እንቁላሉ ጠፍቶ እንደሚያገኙት፣ ጎረቤቶቻቸውም «አመል ነውና አይለቃቸውም፤ እረጃቸው» እንዳሏቸው ጽፈው ምክር ጠይቀዋል። እህቴ፣ ቢላዋውን ያቆዩት። እኔም እዚሁ ጎንደር በዚሁ ነገር ብዙ እንቁላል ከከሰርሁ በኋላ አመሉን አስትቻቸዋለሁ፤ የእርስዎም ችግር ከእኔው የተለየ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ የተረፈልዎትን እንቁላል በአውራ ጣትዎ ጫን ብለው ቅርፊቱን ይፈትኑት። ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አመል የምትጀምረው ደህናውን እንቁላል ሰብራ ሳይሆን፣ ቅርፊቱ ሳስቶ በራሱ የተሰነጠቀውን አግኝታ አስኳሉን ስትቀምስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌሎቹም እያዩ ይማሩባታል። የአንድ እንቁላል ቅርፊት ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል፤ ዶሮዋም ቅርፊቱን የምትሠራው 20 ሰዓት ገደማ ፈጅታ፣ አብዛኛውንም በሌሊት ነው። ስለዚህ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ሊኖረው ይገባል። ፉሩሽካና በቆሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ ይህን ከየት ታመጣዋለች?

እኔ ግን ፉሩሽካ ብቻ አልነበረም የማበላቸው፤ ገንዘቤን ከፍዬ መኖ እገዛ ነበር፤ ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው ነጋዴ «የጣይ መኖ ነው» እያለ የሸጠልኝ ካልሲየሙ አንድ በመቶ አካባቢ የሆነውን የታዳጊ መኖ ነበር። ጆንያው ላይ አንዳች ጽሑፍ አልነበረበትም፤ ብጠይቀው «ዶሮ እንደሆነች ሁሉን ትበላለች» ብሎ ሳቀብኝ። ምክር ፍለጋ የሄድሁበት ቢሮ ባለሙያ ደግሞ ከስልኩ ቀና ሳይል «ለጓሮ ዶሮ ነው እዚህ ድረስ የመጡት?» ብሎ አሰናበተኝ። ጉዱን ያወጣልኝ የእንስሳት ሕክምና የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ነው። በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ጥቂት መኖ አድርጎ አቼቶ አፈሰሰበት፤ ምንም አልሆነም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ያለበት መኖ ቢሆን ኖሮ ወዲያው እየተንጣጣ አረፋ ያወጣ ነበር። እርስዎም ዛሬውኑ ይሞክሩት። ከዚያ ወዲህ ጆንያ ሳላስከፍትና አቼቶዬን ሳላፈስ መኖ አልገዛም፤ ነጋዴዎቹ ቢያጉረመርሙም ለምደውኛል።

ጥሩ መኖ እስኪያገኙ የእንቁላል ቅርፊት አጥበው፣ በምጣድ አምሰውና በሙቀጫ ወቅጠው፣ በተለየ ዕቃ ከሰዓት በኋላ ያቅርቡላቸው። ቅርፊቱን በቁራሹ ከሰጧቸው ግን እንቁላል መብላትን እያስተማሯቸው ነው። ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ ደግሞ እንዳይሰጧቸው አደራ፤ ያ የተቃጠለ ስለሆነ አፍና ጉሮሮ ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ እንቁላሉን አፍስሰው ሚጥሚጣ እንዲሞሉበት የሚመክርዎት ሰው አይጠፋም። አይድከሙ። ወፎች የበርበሬን ማቃጠል እንደ እኛ አይሰማቸውም፤ የእኔዎቹ ሚጥሚጣውን ከነአስኳሉ ጠርገው በልተው ምንቃራቸውን በጭዱ ጠረጉ። እኔን የረዳኝ የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች በትእዛዝ የሠሩልኝ የሸክላ እንቁላል ነው። ነጭ ቀለም ቀብቼ በየጎጇቸው አስቀመጥሁት፤ ደጋግመው ነቁረው ምንም ሲያጡበት ተሰላችተው ተዉት። ይህ ዘዴ የእኔ ፈጠራ ሳይሆን ዶሮ አርቢዎች ከጥንት የሚያውቁት ነው።

የሚጥሉበት ጎጆ ጨለም ያለ ይሁን፤ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል፤ ሥሩ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ጭድ በደንብ ይነጠፍበት። አብዛኞቹ ዶሮዎች ከእኩለ ቀን በፊት ስለሚጥሉ ረፋድ ላይና ምሳ ሰዓት ላይ ይሰብስቡ። በተለይ በዐቢይ ጾም ይጠንቀቁ፤ 55 ቀን ሙሉ እንቁላል ፈላጊ ሲጠፋ ቤተሰቡ ወደ ጎጆው ዞር ብሎ አያይም፤ እንቁላሉም ይከማቻል፣ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ይሰበራል። የእኔ ቤት ጣጣም የጀመረው በዚያው ወቅት ነበር።

ሁሉም በላተኛ ናቸው ብለው አይደምድሙ። ረፋድ ላይ አንድ በአንድ እየያዙ ምንቃራቸውን ይመልከቱ፤ በላተኛዋ ከምንቃሯ ሥር ባሉት ላባዎች ላይ የደረቀ አስኳል ይኖርባታል። እሷን ለብቻ ያውጧት፤ የሌሎቹ ቅርፊት ሲጠነክር መልሰው ያስገቧትና ይከታተሏት። የእኔዋ አልመለስ ብላ ለበዓል ታርዳለች፣ የቀሩት ግን ደህና እየጣሉ ነው። የአቼቶውን ውጤት እዚሁ ይጻፉልን፤ የሚገዙት መኖ ጆንያ ላይ ጽሑፍ ካለም ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝና አብረን እንየው።