ከሲቪሽ ላይ የጠፋው ተረከዝ

ከአምስት ኪሎ በሜካኒካል ምህንድስና የተመረቅሽው እኅታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የመመረቂያ ሥራሽ ቆልማማ እግር ይዘው ለተወለዱ ሕፃናት የሚደረገውን፣ ሁለቱ በዘንግ የተያያዙትን ጫማ ገበርና ማሰሪያ እንደ አዲስ መንደፍ ነበር። ሰባት ወር ሥራ ፈልገሽ ለቃለ መጠይቅ የጠራሽ የለም። «እንዲህ ያለ ሥራ አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ከሲቪዬ ላውጣውን?» ብለሽ ጠይቀሻል።

አታውጪው። ሲቪሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ የተናደድኩት ተረከዙን ስላጣሁት ነው። የሦስት ሶፍትዌር ስም አለ፤ ሥራሽ ግን «ምቾትን የሚያሻሽል ንድፍ» በሚል አንድ መስመር አልቋል። ምቾት ስትዪ የቱ ቦታ ላይ? ምን ሲያም አይተሽ?

ነገሩን በቅርብ አውቀዋለሁ። የእኅቴ የልጅ ልጅ ቆልማማ እግርን በጄሶና በጫማ በሚያቃናው በፖንሴቲ ዘዴ ታክሟል። ጄሶው በየሳምንቱ እየተቀየረ እግሩ ቀስ በቀስ ተቃና፤ የተረከዙ ጅማት ተቆርጦ የመጨረሻው ጄሶ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ከዚያ ጫማው መጣ። የመጀመሪያውን ሦስት ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ እስከ አራት ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ሰዓት የሚደረግ ነው። ልጁ ሲያለቅስ እናቱ አንጀቷ አልችል አለና የመሐሉን ማሰሪያ አንድ ቀዳዳ አላላችለት። በማግስቱ ተረከዙ ውኃ ቋጠረ። ባለሙያዋ አይታ ማሰሪያውን ይበልጥ አጠበቀችው። እኛ ጨካኝ መስላን ነበር። ለካስ ማሰሪያው ሲላላ ተረከዙ ከፍ ዝቅ እያለ ይፋተጋል፤ የሚልጠውም መፋተጉ ነው።

ያቺ እናት ጫማውን ጨርሳ አውልቃው ቢሆን ኖሮ እግሩ ተመልሶ ይቆለመም ነበር። በዚህ ሕክምና ችግሩ የሚያገረሽበት ዋናው ምክንያት ጫማው በታዘዘው መሠረት አለመደረጉ ነው። ስለዚህ ያንቺ ገበር የቅንጦት ነገር አይደለም፤ ሲቪሽ ላይም በዚህ ልክ ይጻፍ። ለምሳሌ፦ «ተረከዝ እንዳይነሣ የመሐሉን ማሰሪያ መነሻ ወደ ኋላ አወረድኩ፤ ላብ የሚይዘውን የስፖንጅ ገበር በለስላሳ የፍየል ቆዳ ተካሁ።» ሁለቱም ከራስሽ ሥዕል ላይ ያገኘኋቸው ናቸው። ቆዳውን ከመርካቶ ከገዛሽ በምን እንደተለፋ ጠይቂ፤ በክሮም የተለፋ ቆዳ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሣል።

አንድ ነገር ግን አስደንግጦኛል። ሕፃኑ እንዲረጋጋ ብለሽ የታመመውን እግር ወደ ውጭ የሚያዞረውን አንግል ከ70 ዲግሪ ወደ 50 አውርደሽዋል። ሆስፒታል ውስጥ ይህን ያየ ሰው ቀሪውን ገጽ አይገልጥልሽም። አንግሉ ራሱ ሕክምናው ነው፤ በትከሻ ስፋት የሚለካው የዘንጉ ርዝመትም እንዲሁ። በእነዚህ ላይ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለአንቺ ገበሩ፣ ማሰሪያው፣ ዘለበቱ ይበቃሻል፤ ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተነደፈው የሚቸል ጫማ ከተረከዙ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ እናት አጮልቃ ተረከዙ በትክክል መቀመጡን ታያለች። ያንቺ ሥዕል ላይ የለም፤ አስቢበት።

«የምቾት ንድፍ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አትጠብቂ፤ አይወጣም። ሰው ሠራሽ አካልና የአካል ድጋፍ የሚሠራባቸውን ወርክሾፖች አንኳኪ፤ በጥቁር አንበሳ ዙሪያ ጀምሪ። የጫማ ፋብሪካዎች ናሙና ክፍልም ያንቺ ቦታ ነው፤ ፎርማ፣ ማለትም ጫማ የሚወጠርበትን የእግር ቅርጽ፣ የሚያውቅ ሰው እጅግ ብዙ ያስተምርሻል። ለሰው ኃይል ክፍል ኢሜይል ከመላክ ይልቅ ናሙናውን በቦርሳ ይዘሽ ወርክሾፑን ከሚመራው ሰው ጋር ተገናኚ። በሕፃን እግር ላይ ግን ያለ ሐኪምና ያለ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አንድም ቀን እንዳትሞክሪ፤ የጎረቤት ልጅም ቢሆን።

ስለ ፓተንቱ የጠየቅሽው ይቆይ። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን «አነስተኛ ፈጠራ» በሚለው ክፍል ሊያየው ይችል ይሆናል፤ ዛሬ የሚያስፈልግሽ ግን ደመወዝ ነው።

ቢሮዬ ከቸርችል ጎዳና ብዙ አይርቅም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ናሙናውን ይዘሽ ነይ፤ ግራና ቀኙን፣ ከነዘንጉ።