«ፈረመች» እና «አጸደቀች» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የክርክር ክበባችን ስለ ዓባይ ሲሟገት አንዷ ተማሪ «ኬንያ ስምምነቱን ፈርማለች፤ ስለዚህ ትገደድበታለች» አለች። ሌላው «ፈረመች እንጂ አላጸደቀችም» ብሎ መለሰላት። ይሄ የቃላት ጨዋታ ነው ወይስ ቁም ነገር አለው?

መልስ፦ ቁም ነገር አለው፣ መምህር። ዜና አንባቢዎቻችን ጭምር ሁለቱን እያምታቱ አስቸግረዋል።

መፈረም የሹም ሥራ ነው። ሚኒስትሩ ይፈርማል፣ ይጨባበጣል፣ ፎቶ ይነሣል። አገሪቱ ግን ገና አልታሰረችም። የመንዝ በግ ስትገዙ ቀብድ እንደመስጠት ቁጠሩት፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው በጉን ለሌላ አይሸጥም፣ ግዢው ግን አላለቀም። በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪየና የስምምነቶች ሕግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 18ም ከዚህ አይርቅም፦ የፈረመ አገር «አልገባበትም» ብሎ እስካላስታወቀ ድረስ የስምምነቱን ዓላማ ከሚያፈርስ ነገር መታቀብ አለበት።

«አጸደቀ» ከ«ጽድቅ» ጋር አንድ ሥር ነው። ችግኝም ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን፤ የፈረመች አገርም የምትታሰረው ስታጸድቅ ነው። እኛ ዘንድ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 የአገሪቱ የሕግ አካል ናቸው የሚለውም ያጸደቅናቸውን ነው፤ የፈረምናቸውን አይልም። (እግረ መንገዴን፦ «አዋጁ ተጸደቀ» አትበሉ፤ «ጸደቀ» ይበቃል። ያቺ «ተ» ከየት እንደመጣች እንጃ!)

የተማሪዎችዎን ምሳሌ እንውሰድ። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን ኢትዮጵያ ኢንቴቤ ላይ የፈረመችው በግንቦት 2002 ነው። ያጸደቀችው በሰኔ 2005። ስድስት አገሮች እስኪገቡበት ስለሚጠበቅ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በጥቅምት 2017፣ ደቡብ ሱዳን ስድስተኛ ሆና ከገባች በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኬንያ ፈርማ ነበር፤ አላጸደቀችም።

ሦስተኛ ቃልም አለ፦ «ተቀላቀለች»። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን «ፈርማለች» ሲባል ትሰማላችሁ። አልፈረመችም! በ1983 በቀጥታ ተቀላቀለች፤ የታሰረችበት ግን ካጸደቁት እኩል ነው።

አንድን መንግሥት «ሕግ ጣሰ» ብሎ ለመክሰስ የቱ ውስጥ እንደገባ ማወቅ ግድ ነው። «ፈርሟል» ብለን የጮኽንበት ያላጸደቀው ከሆነ፣ ጠበቃው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይረታናል።

ተማሪዋ ግን እጅ አትስጥ። ማንም ሳይፈርም የሚያስር ልማዳዊ ዓለም አቀፍ ሕግም አለ፤ የጋራ ወንዝን በፍትሐዊነት መጠቀም ከዚያ ይመደባል። በዚያ በኩል ብትመጣ ያዋጣታል።