እምቢ ያለ ጭርት፦ የጥያቄዎቻችሁ መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ፈንገስ ስለሚያመጣው የቆዳ በሽታ፣ ስለ ጭርት ናቸው።

ነጭ ሽንኩርት ቢታሽበት ይጠፋል ወይ?

አይጠፋም። ቆዳውን ያቃጥለዋል። ተዉት።

አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጃቸው ቆረቆር (የራስ ጭርት) አልለቅ ብሎታል። ጸጉሩን እየላጩ ቅባት ከቀቡት ወራት አልፈዋል።

እናቴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ፈንገሱ ያለው ጸጉሩ ሥር ውስጥ ስለሆነ ቅባት አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ግሪሲዮፉልቪን ከታዘዘለት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢሆን ይሻላል። መጠኑ በክብደቱ ስለሚወሰን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እህት ወንድሞቹንም ያሳዩ።

ከዱባይ የጻፈልን ወጣት ብሽሽቱና ሆዱ ላይ የወጣው ጭርት ዓመት አልፎታል። ተርቢናፊን የሚባል የፈንገስ ክኒን አንድ ወር ውጧል። ከፋርማሲ የገዛው ቅባት ደግሞ ሦስት ቀን ያሳርፈውና ሰፍቶ ይመለስበታል።

ወንድሜ፣ እኔን ያስደነገጠኝ ያ ሦስት ቀን ነው። የቅባቱን ካርቶን አንብብ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ግን የቆዳህን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ እንደልቡ ይስፋፋል። ክብ ቅርጹም ይጠፋና ችፌ ይመስላል፤ ያየው ሁሉ ሌላ ስቴሮይድ ይሰጥሃል። ስንት ሰው በዚህ አዙሪት ውስጥ እንደሚንገላታ ሳስብ ያመኛል፣ እባካችሁ የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት ዝም ብላችሁ አትሽጡ! አንተም ወንድሜ፣ ቅባቱን አቁመው። ለጥቂት ቀናት ሊብስብህ ይችላል፣ አትደንግጥ።

ተርቢናፊኑ ያልሠራበት ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። በ2020 ስም የወጣለት ትሪኮፋይተን ኢንዶቲኒኤ የሚባል ፈንገስ አለ። ህንድና ጎረቤቶቿ ውስጥ ከተስፋፋ በኋላ ብዙ አገር ገብቷል፣ አሜሪካም በ2023 መገኘቱን አስታውቃለች። ተርቢናፊን የሚያጠቃው ኢንዛይም በብዙዎቹ ላይ ስለተለወጠ መድኃኒቱ አይበግራቸውም። ኢትራኮናዞል የሚባል ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ይሠራል፣ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ራስህ ገዝተህ እንዳትጀምር። የልብ ድካም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፣ ከአንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር አይሄድም፣ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም የኢትራኮናዞሉ ካፕሱል በደንብ ወደ ሰውነትህ አይገባም። የግድ የቆዳ ሐኪም ጋር ሂድ። ቆዳህ ተፍቆ ይመርመር፣ ስኳርህም ይታይ። ክፍል የምትጋሯቸው ልጆች የሚያሳክካቸው ካለ አብረው ይታከሙ፣ ፎጣም አትዋዋሱ።

ፈንገስ የያዘውን የእግር ጥፍሬን ሦስት ወር ታክሜ አሁንም ያስጠላል፣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። የእግር ጥፍር ተተክቶ እስኪያልቅ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ከሥሩ ንጹሕ ሆኖ እየወጣ ከሆነ ጠብቁት።

ቤት የተረፈ የኬቶኮናዞል ክኒን ነበረኝ፣ ለጭርቴ ልዋጠው?

በፍጹም! ጉበት ይጎዳል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ለፈንገስ ሕክምና መሰጠቱ እንዲቆም የመከረው ለዚህ ነው። ሻምፖውና ቅባቱ ግን ይህ ችግር የለባቸውም።