ሴልስፎርስ የሚያስተዳድር ሰው ከውስጥ ማሠልጠን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የደንበኞቻችሁን መረጃ በሴልስፎርስ ሶፍትዌር የምትይዙ፣ አድሚን (ሲስተሙን የሚያስተዳድር) የሚሆን ሰው ስለማሠልጠን የጠየቃችሁኝን እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከሽያጭ ክፍል አንዲት ልጅ መርጠናል። ኮዲንግ አታውቅም። ያዋጣል?

በደንብ ያዋጣል። አብዛኛው የአድሚን ሥራ ኮድ አይፈልግም። ደንበኛ ከየት እንደሚመጣ፣ ውል የት እንደሚዘገይ የምታውቅ ሰው ሶፍትዌሩን ትለምደዋለች። ግን የቀድሞ ሥራዋን ቀንሱላት። ሁለቱንም ደርባ ትሥራ ካላችሁ ሥልጠናው ለይስሙላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በጀት የለንም። ከየት ትጀምር?

ከትሬይልሄድ። የሴልስፎርስ የራሱ መማሪያ ነው፣ በነጻ። መለማመጃ አካውንትም ይሰጣል። ዩቲዩብ ላይ ፕሮሰስ ቢልደር የተባለውን የድሮ መሣሪያ የሚያስተምር የቆየ ቪዲዮ ካገኘች ትለፈው፤ አሁን አውቶሜሽን (ሲስተሙ በራሱ የሚያከናውነው ሥራ) የሚሠራው ፍሎው በሚባለው መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ዳታችን ተዝረክርኳል። ይህንንም ትማር?

ከሁሉ በፊት! እኔ ብሆን የሥልጠናውን ግማሽ ለዚህ እሰጥ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ስልክ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ+251። ጸጋዬን በላቲን ፊደል ሁሉም እንደመሰለው ይጽፈዋል። ሲስተሙ አንዱን ሰው ሦስት ያደርገዋል። ላስት ኔም የሚለው ቦታ ደግሞ ግዴታ ይሞላል። የአባት ስም ይግባበት ወይስ የአያት? ካልተስማማችሁ ሁሉም የየራሱን ይጽፋል። አውቶማቲክ ኢሜይሉም ወይዘሮ አልማዝን «ውድ ወ/ሮ ከበደ» ብሎ በአባታቸው ስም ይጠራቸዋል። ይሄ ደንበኛ ያስቀይማል።

ስለዚህ የመጀመሪያ የቤት ሥራዋ ይህ ይሁን፦ ስልክ በ+251 እና በ9 አኃዝ ካልተጻፈ የማያስገባ ደንብ (ቫሊዴሽን ሩል) ትሥራ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያሉ ደንበኞች ካሏችሁ የእነሱ ቁጥር እንዳይታገድ ታስብበት። ቀጥላ የተደገመ መዝገብ የሚይዝ ደንብ (ዱፕሊኬት ሩል) ትሥራ። ሁሉንም መጀመሪያ ሳንድቦክስ (የሲስተሙ የመሞከሪያ ቅጂ) ላይ ትሞክረው፤ ዋናው ሲስተም መለማመጃ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱን እናጥፋው?

ሴልስፎርስ ላይ ተጠቃሚ አይሰረዝም፣ ዲአክቲቬት ይደረጋል (ይዘጋል)። በዕለቱ እንዳይገባ ፍሪዝ ታድርገው፤ በስሙ ያሉትን ደንበኞች ለሌላ ሠራተኛ ታዛውር፣ ከዚያ ትዝጋው።

ጥያቄ፦ የሴልስፎርስ አድሚን ሰርተፊኬት ፈተና የግድ ነው?

ለእናንተ ሥራ የግድ አይደለም። ለእሷ ግን ጥሩ ነው። 60 ጥያቄ በ105 ደቂቃ ነው። ጥቂት ወራት ሠርታ ትፈተን። ሳይሠሩ ሸምድዶ ማለፍ ለድርጅቱ አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ አሠልጥነናት ብትሄድብንስ?

ልትሄድ ትችላለች። ይህን ፈርቶ አለማሠልጠን ግን ይብሳል። ከጎኗ ሁለተኛ ሰው አስቀምጡ። እናንተ የምትሠሩት እያንዳንዱ ፊልድ (መረጃ የሚሞላበት ቦታ) እና ፍሎው ዲስክሪፕሽን የሚባል የማብራሪያ ቦታ አለው፤ ማን እንደጠየቀና ለምን እንደተሠራ እዚያው ትጻፍ። ማብራሪያው ያልተሞላ ከሆነ ፊልዱ ወይም ፍሎው ወደ ዋናው ሲስተም እንዳይገባ ከአሁኑ ወስኑ።