«ስትድኚ» የምንላት ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከልደቷ ጀምሮ አንድ እግሯ ስለማይታዘዝላት በክራንች ትራመዳለች። ተጫዋች የነበረችው ልጅ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሰው ቤት አትሄድም፤ እንግዳ ሲመጣም ጓዳ ትገባለች። ክፍሏ ፎቅ ላይ በመሆኑ በእረፍት ሰዓት ብቻዋን ትቀመጣለች። እኔ ምንም ሥራ አላዛትም፤ ቡናውን እንኳ የምታፈላው ታናሿ ናት። በየክረምቱ ፀበል እየወሰድኳት «ስትድኚ ሁሉም ይሆናል» እያልኩ አጽናናታለሁ። በቀደም ግን «እኔ እኮ ለምንም አልሆንም» ስትለኝ አንጀቴ ተላወሰ። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ «ምንም ሥራ አላዛትም» የሚለው ላይ ቆሞ ቀረ። ይህን የሚያደርጉት ስለሚሳሱላት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሆኖም የልጅዎ «ለምንም አልሆንም» የሚለው ቃል ከዚህ ሩቅ አይደለም። አንድ ልጅ የቤቱ ሰው መሆኑን የሚያውቀው ሲላክ፣ ሲታዘዝ፣ ሲሳሳት፣ ሲመሰገንም ነው።

በዚህ ዕድሜ ከሰው ዓይን መሸሽ በእርሷ ብቻ የመጣ አይደለም። የልጆችንና የወጣቶችን ለራስ የሚሰጥ ግምት ለረጅም ዓመታት ያጠናችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ሱዛን ሃርተር እንዳሳየችው፣ ወጣቶች ለራሳቸው ከሚሰጡት ግምት ጋር ከሁሉም ይበልጥ የተቆራኘው ስለ መልካቸውና ቁመናቸው ያላቸው አመለካከት ነው፤ የወላጅና የእኩዮች ድጋፍም ከባድ ሚዛን አለው። ልጅዎ ይህንኑ የዕድሜ ጭንቀት የምትሸከመው በየመንገዱ ከንፈር እየተመጠጠላት ነው። ጓዳ የምትገባውም ከዚያ ድምፅ ለመሸሽ ይመስለኛል። ስለዚህ እንግዳ ስለ እግሯ ቢጠይቅዎት እርሷ እዚያው ተቀምጣ ሳለ በእርሷ ፈንታ አይመልሱ፤ ልትመልስ ከፈለገች ትመልስ፣ ካልፈለገችም ወሬውን ወደ ሌላ ይውሰዱት።

ቡናውን በተመለከተ አንድ ነገር ላስታውስዎት፤ ቡና ተቀምጦ የሚፈላ ነው። ረከቦቱ ፊት የተቀመጠ ሰው ቆልቶ፣ አፍልቶ፣ ቀድቶ እስኪጨርስ ከበርጩማው መነሳት ግድ አይሆንበትም፤ ሲኒውን ለእንግዳ ማድረስ የታናሿ ድርሻ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ የማትችለው ሥራ ሳይሆን ያልተሰጣት ሥራ ነበር ማለት ነው። ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቋትና ጀበናውን ይስጧት። መጀመሪያ ላይ ቢፈስባት ወይም ቢገነፍልባት ሮጠው ከእጇ አይቀበሏት፤ ታናሿም ስትጀምር አፍስሳ ይሆናል።

«ስትድኚ» ስለሚለው ቃል ስናገር እምነትዎን እየነካሁ እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ጸሎቱም ፀበሉም የእናንተ ነው። የሚያሳስበኝ፣ ልጅቷ ይህን ቃል ለዓመታት ስትሰማ «አሁን ያለሁት እኔ ገና ነኝ፣ ሕይወቴ የሚጀምረው እግሬ ሲስተካከል ነው» ብላ መረዳቷ ነው። ክረምቱ አልፎ እግሯ እንደነበረ ሲሆን ደግሞ እናቷን ያሳዘነች ይመስላታል። ፀበል መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ዘንድሮ እርሷን ይጠይቋት። ስለ ትምህርቷና ስለምትመኘው ሙያ ስታወሩም «ስትድኚ» ሳይሆን «ስታድጊ» ይበሏት።

ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ለማበረታታት ታዋቂ ሰው ይጠቅሳሉ። በአምስት ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና የሕግ ባለሙያ የሆነችውና እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበለችው የትነበርሽ ንጉሤ ታሪክ በእርግጥ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ለራሷ ግምት ላጣች የ15 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ከፍታ ሌላ መመዘኛ ሊሆንባት ይችላል። በከተማችሁ በክራንች እየሄደች ሥራዋን የምትሠራ፣ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ሴት ብታገኙና ሻይ ብትጠጡ፣ ይበልጥ ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ።

ምግብና እንቅልፍ ከቀነሰች፣ ትምህርቷን ከተወች ወይም መኖር እንደማትፈልግ ከተናገረች ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዷት። ስለ ሞት ታስብ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብዙ ጊዜ ያቀልላታል።

የፎቁ ጉዳይ ከሁሉም ቀድሞ መፈታት ያለበት ነው። ጓደኝነት የሚገኘው በእረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ ከጓደኞቿ የለያት እግሯ ሳይሆን ደረጃው ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የእርሷን ክፍል ወደ ምድር ቤት ማውረድ ደግሞ የግንባታ ወጪ አያስወጣም፤ የክፍል ድልድል መቀየር ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ስትሄዱ እንደ ውለታ አትለምኑ። የምትናገረውን ማታ አብራችሁ አዘጋጁ፤ ቢሮ ስትገቡም ከፈቀደች ንግግሩን እርሷ ትጀምረው፣ እርስዎ ከጎኗ ይቀመጡ።