ሶላሩ ከመግባቱ በፊት ቆጣሪው ይግባ

ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። አንድ መካከለኛ ፋብሪካ የሚመራ አባላችን «መብራት ይቆራረጥብናል፣ የናፍጣው ወጪም አስመርሮናል። ጣሪያው ላይ ሶላር እንትከል ወይስ ፋብሪካውን ዲጂታል እናድርግ? ለሁለቱም የሚሆን ገንዘብ የለንም። ለመሆኑ በታዳጊ ኢኮኖሚ ውስጥ ታዳሽ ኃይል ለፋብሪካ ያዋጣል?» ብሎ ጠይቋል።

የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እኔ ብሆን ከዲጂታሉ ርካሹን ክፍል አስቀድሜ፣ እሱ በሚነግረኝ ልክ ሶላሩን እገዛለሁ። የቀረው ዲጂታል ማለትም ትልልቁ ስክሪን፣ ውድ ሶፍትዌሩ፣ ሰሞኑን ሁሉም የሚያወራለት ኤአይ ይቆይ። አያስቸኩልም።

ርካሹ ክፍል የምለው ቆጣሪ ነው። በዋናው ቦርድና በትልልቆቹ ማሽኖች መስመር ላይ ዲጂታል ቆጣሪ ይታሰራል። ንባቡ በሞድባስ (መሣሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ቋንቋ) በኩል ወደ አንድ ተራ ኮምፒውተር ይገባል። ሞድባስ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ነው። አርጅቷል ብላችሁ አትናቁት፤ አብዛኛው የኢንዱስትሪ ቆጣሪና ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ማሽን ወደሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ዛሬም ይጠቀምበታል። አንድ አደራ፦ ንባቡ እዚያው ፋብሪካው ውስጥም ይቀመጥ። ሁሉን ነገር ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ቦታ ኮምፒውተር) የጫነ ሲስተም ኔትወርክ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ይሄን ያስቀደምኩት የመብራት ሒሳቡ የወር ድምር ብቻ ስለሚነግራችሁ ነው። ሶላር የሚያዋጣው ግን በሰዓቱ ነው። የመብራት ሒሳባቸው እኩል የሆነ ሁለት ፋብሪካዎች አስቡ። አንዱ ቀን ብቻ ይሠራል፤ ሌላው ከባዱን ሥራ በሌሊት ፈረቃ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ፓኔሉ የሰጠውን እዚያው ይጠቀመዋል። ሁለተኛው ወይ ባትሪ ይገዛል፣ ወይ ትርፉን ለአገሩ የመብራት መስመር ይሸጣል፤ ያውም ሕጉ ከፈቀደለት።

ቆጣሪው ሌላም ጉድ ያወጣል። ፋብሪካው ዝግ በሆነበት ቀን ስንት ኃይል እንደሚሄድ እዩ። እኔ ባየኋቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የአየር ኮምፕረሰሩ ነው። ማንም የማይጠቀምበትን የሚያፈስ ቧንቧ ሲሞላ ያድራል። ጥገና በጎደለበት ፋብሪካ ኮምፕረሰሩ ከሚሰጠው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው ፈስሶ መቅረቱ የተለመደ ነው። ደግሞ በዓለም ደረጃ ከኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ 70 በመቶ ገደማውን የሚበሉት ሞተሮች ናቸው። የአንድን ማራገቢያ ፍጥነት በ20 በመቶ ስትቀንሱ የሚወስደው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። መጀመሪያ ይሄን ካስተካከላችሁ የምትገዙት ሶላር ያንሳል። ፓኔል ሻጩ ይሄን አይነግራችሁም፤ ምን በወጣው!

ወደ መቆራረጡ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራው ተራ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ብትሆንም። ብልሽት አይደለም። መስመር የሚጠግኑ ሠራተኞች ባልጠበቁት ኃይል እንዳይመቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አንድ ሥራ አስኪያጅ በጠራራ ፀሐይ ማሽኖቹ ቀጥ ብለውበት «ታዲያ ያን ሁሉ ብር ለምን ከፈልኩ?» ሲል ሰምቻለሁ። የተከሉለት ሰዎች አልነገሩትም ነበር። መብራት በሌለበትም እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ወይ ያለ መስመር መቆም የሚችል ባለባትሪ ኢንቨርተር፣ ወይ ሶላሩን ከጀነሬተሩ ጋር የሚያስማማ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ናፍጣ ጀነሬተር ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ለረጅም ጊዜ ከሠራ ያልተቃጠለ ነዳጅ ይጠራቀምበትና ይጎዳል። መቆጣጠሪያው ሶላሩን እየገታ ከዚያ በታች እንዳይወርድ ያደርጋል።

ደግሞ መቆራረጥ የምትሉት ሁሉ መቆራረጥ ላይሆን ይችላል። ቮልቴጅ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወርዶ ሲመለስ አምፖሉ ብልጭ ብቻ ይላል፤ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ግን ይጠፋል። ከዚያ ማሽኑን አጽድቶ እንደገና ማስነሳት ነው። ለዚህ ሶላር አያስፈልግም። የመቆጣጠሪያ ሰርኪዩቱን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ ባለባትሪ ዕቃ) ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የቮልቴጅ መውረድን የሚመዘግብ ቆጣሪ ከገዛችሁ ችግራችሁ የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ያዋጣል ወይ ለሚለው፦ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ከትልልቅ ሶላር ጣቢያዎች የሚገኝ ኤሌክትሪክ ዋጋ በዓለም ደረጃ ወደ 90 በመቶ ወርዷል። ነገር ግን የሶላር ወጪ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚከፈለው መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ የብድር ወለዱ ከፓኔሉ ዋጋ በላይ ሊወስን ይችላል። በታዳጊ አገሮች ገንዘብ ካደጉት አገሮች በእጥፍና ከዚያም በላይ ይወደዳል። ሻጩ ኤክሴል ላይ የሞላውን ወለድ ሰርዙና የራሳችሁን ባንክ ወለድ አስገቡ። የውጭ ምንዛሪንም አትርሱ። ኢንቨርተር ከፓኔል ቀድሞ ነው የሚበላሸው፣ መለዋወጫው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ ነው የሚመጣው።

ከምን ጋር እንደምታወዳድሩም እወቁ። ታሪፉ የተደጎመ ከሆነ ሶላሩ ገንዘቡን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ከናፍጣ ጋር ግን ሌላ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ከጀነሬተር የሚያወጣው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የሊትሩን ዋጋ በዚያ አካፍሉትና ሶላሩን በእሱ ለኩት። ይህ የሚሠራው ግን ቀን ቀን ለሚጠፋው መብራት ብቻ ነው። ማታ ማታ ከሆነ የሚጠፋባችሁ የባትሪው ዋጋ ይጨመርበታል።

ትርፍ ኃይል እንሸጣለን ብላችሁ ግን ሒሳባችሁን በእሱ ላይ አትሥሩ። ፓኪስታንን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 17 ጊጋዋት ገደማ ፓኔል ከቻይና አስገባች። ሰዉን የገፋው በአብዛኛው የታሪፉ መወደድ ነበር። ሰው ከመስመሩ ሲሸሽ የመስመሩ ቋሚ ወጪ በቀሩት ላይ ከበደ። መንግሥትም ለትርፍ ኃይል የሚከፈለውን ለመቀነስ ተነሳ። የትም ቢሆን ሶላሩ ሲበዛ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም።

ቆጣሪውን አስገቡና ንባቡን በየሳምንቱ የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። ካልሆነ ማንም የማያየው ፋይል ሆኖ ይቀራል። እስከዚያው የፈረቃ ሰዓታችሁን፣ የጀነሬተሩን አቅም በኬቪኤ፣ መብራቱ በብዛት የሚጠፋበትንም ሰዓት እዚህ ጻፉ፤ ባትሪ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ግምቱን አብረን እናውጣ።